እሳቱ በየት ወጣ?

የለንደኑ ግሬንፌል ታወር በተቃጠለ ማግስት ጋዜጦች መጀመሪያ ያነሡት ጥያቄ «ከማን ቤት ተነሣ?» የሚል ነበር። መልሱም ቶሎ ተገኘ። እሳቱ የተነሣው በአራተኛ ፎቅ ከሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ተከራይ ወጥ ቤት ነው። ስሙ ወጣ፣ ፎቶው ወጣ፣ ጎረቤቱን ከመጥራቱ በፊት ሻንጣውን ሸክፎ ነበር የሚል ወሬም ተከተለ። ስሙን እዚህ አልደግመውም፤ ያኔ የተጠራው ይበቃዋል።

ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ፍሪጅ ይቃጠላል። የፍሪጅ፣ የምድጃ፣ የገመድ እሳት በየትኛውም ትልቅ ከተማ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውም ከተነሣበት ክፍል ሳይወጣ ይጠፋል። ፎቅ ቤት የሚሠሩ መሐንዲሶችም አንድ ቀን የአንዱ ወጥ ቤት እንደሚቃጠል አውቀው ነው የሚሠሩት። በዚያ ሌሊት ግን 72 ሰው አለቀ፤ 18ቱ ሕፃናትና ልጆች ነበሩ። ይህን ሊያስረዳ የሚችለው እሳቱ ከየት ተነሣ የሚለው ጥያቄ አይደለም። መጠየቅ የነበረበት በየት ወጣ ተብሎ ነው።

ቀኑ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ጁን 14 ቀን 2017። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው። ሰዓቱ ደግሞ የለንደን ነው፤ አቆጣጠሩ የእኛ።

ተከራዩን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የጭስ ማንቂያ ደወል ነው። ተነሥቶ ወጥ ቤቱን ሲያይ ከትልቁ ፍሪጅ ጭስ ይወጣል። አብረውት የሚኖሩትን ቀሰቀሰ፣ ለእሳት አደጋ ደወለ፣ የጎረቤቶቹን በር አንኳኳ። ስልኩ የተመዘገበው ከሌሊቱ 6፡54 ላይ ነው። የመጀመሪያው መኪና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደ መጽሐፉ ሄዷል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የወጥ ቤቱን በር ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈቱት 7፡14 ላይ ነው። ያዩት እሳት ተራ የወጥ ቤት እሳት ስለነበር አጠፉት። እነሱ ከውስጥ ውሃ ሲረጩ ግን እሳቱ በመስኮቱ በኩል ወጥቶ የሕንፃውን የውጭ ልባስ ይዟል። አደጋውን እንዲመረምር የተሠየመው አጣሪ ኮሚሽን በኋላ እንደደረሰበት፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት እሳቱ ልባሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። 7፡27 ላይ ጣሪያው ደረሰ።

ከአራተኛ ፎቅ እስከ ጣሪያው የወሰደው ጊዜ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ሕንፃው ቀድሞ ምን እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። ግሬንፌል በኖርዝ ኬንሲንግተን በ1974 ተሠርቶ ያለቀ፣ 67 ሜትር ከፍታ የነበረው የኮንክሪት ሕንፃ ነው። ባለቤቱ የኬንሲንግተንና ቼልሲ አውራጃ ምክር ቤት ነበር፤ ከለንደን ሀብታም አውራጃዎች አንዱ። ነዋሪው ግን በአብዛኛው ከምክር ቤቱ በዝቅተኛ ኪራይ ቤት ያገኘ ሰው ነበር፤ ከሞሮኮ፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳን፣ ከፊሊፒንስ፣ ከራሷ ከእንግሊዝም። እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የኮንክሪት ሣጥን ነው ማለት ይቻላል። ወለሉ፣ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ የመግቢያ በሩ እሳቱን ለተወሰነ ጊዜ አግተው እንዲይዙ ታስበው ይሠራሉ። አንዱ ሣጥን ሲነድ ሌሎቹ 128ቱ ይተኛሉ፤ እሳት አደጋው መጥቶ አጥፍቶ ይሄዳል። ኮንክሪቱ በዚያ ሌሊት እንኳ አልከዳም፤ ሕንፃው ነዶ ነዶ አልተደረመሰም።

አሮጌ የኮንክሪት ቤት ግን ብርድ ያስገባል። ምክር ቤቱ ሕንፃውን ሊያድስ ሲነሣ ካሰበው አንዱ ሙቀት መቆጠብ ነበር፤ ሌላው ደግሞ መልክ ነው። ዕድሳቱ በ2016 ሲያልቅ ግሬንፌል ጋቢ ደርቦ ነበር። ከኮንክሪቱ ላይ ሙቀት የሚይዝ የፎም ሰሌዳ ተለጠፈ፤ ከፎሙ ፊት ከአንድ ስንዝር ያነሰ የአየር ክፍተት ተተወ፤ ከክፍተቱ ፊት የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ተሰቀለ። መስኮቶቹም ተለወጡ።

መስኮቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እሳቱ የወጣው በእሱ ነውና። አዲሶቹ መስኮቶች ከቀድሞው ቦታቸው ወደ ውጭ ተገፍተው፣ ከአዲሱ ልባስ ጋር እንዲስተካከሉ ተደርገው ተተከሉ። በመስኮቱና በአሮጌው ኮንክሪት መካከል የቀረውን ክፍተት የዘጉት የላስቲክ ሽፋን፣ ፎምና ነጭ የፕላስቲክ ክፈፍ ናቸው። ያ ፕላስቲክ ፒ.ቪ.ሲ. ነው፤ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በታች መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ ፍሪጁ ተቃጥሎ ትኩስ ጭስ ጣሪያው ሥር ሲጠራቀም ክፈፉ ተጣሞ ወደቀ፣ ከኋላውም ቀዳዳ ተከፈተ። ቀዳዳው የሚያገናኘው በቀጥታ ከአየር ክፍተቱ ጋር ነው። ለአንድ ሰዓት እሳት ሊያግት የሚችል የኮንክሪት ሣጥን ጎኑ ላይ የፕላስቲክ በር ተከፍቶለት ነበር ማለት ነው። ይህን በር የከፈተው ተከራዩ አይደለም።

አሁን ወደ ሰሌዳው። በአገራችን ገበያ እንዲህ ያለውን ሁሉ «አሉኮቦንድ» እንለዋለን። አሉኮቦንድ እንኳ የአንድ ሌላ ኩባንያ የንግድ ስም ነው፤ የግሬንፌሉ ሬይኖቦንድ ይባላል፣ አምራቹ አርኮኒክ ነው። አሠራሩ ግን ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። የማስታወቂያ ሠሪ ደጅ ላይ ከወደቁት ቁርጥራጮች አንዱን አንሥታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ግራና ቀኝ እንደ ወረቀት የሳሳ አሉሚኒየም፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ወይም ግራጫ ነገር ታያላችሁ። የግሬንፌሉ ሰሌዳ አራት ሚሊ ሜትር ነበር፤ አሉሚኒየሙ በያንዳንዱ ጎን ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ የመሐሉ ሦስት ሚሊ ሜትር። የመሐሉ ፖሊኤትሊን ይባላል። ፌስታል ከእሱ ይሠራል፤ ውሃ የምንቀዳበት ቢጫው ጀሪካንም የዚያው ወገን ነው። ፖሊኤትሊን በኪሎ ሲመዘን የሚሰጠው ሙቀት ከናፍጣ ብዙ አይለይም። እናም ሰሌዳውን «አሉሚኒየም ነው» ብሎ መግዛት፣ ናፍጣ የሞላው የብረት በርሜል አይቶ «ብረት ነው» እንደማለት ነው።

ፖሊኤትሊን ሲነድ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ይንጠባጠባል፣ የሚንጠባጠበውም እየነደደ ነው። በሰሌዳውና በፎሙ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የጭስ ማውጫን ሥራ ሠራ፤ ትኩሱን አየር ወደ ላይ እየሳበ ነበልባሉን አስረዘመው። ክፍተቱን በየፎቁ እንዲዘጉ የታሰቡት መከልከያዎች ከፊሎቹ በትክክል አልተገጠሙም፣ ከፊሎቹ ጭራሹን አልነበሩም። የተቃጠለው ፎም መርዛማ ጭስ ጨመረበት። ጣሪያው ጫፍ ላይ ለውበት ሲባል ከዚያው ሰሌዳ የተሠራ ዘውድ መሰል ጌጥ ነበር። እሳቱ ያን ሲያገኝ አቅጣጫ ቀየረ፤ እንደ ክብሪት ገመድ ዘውዱን ይዞ ወደ ጎን እየዞረ የሚነደውን ፕላስቲክ ወደ ታች አዘነበው። በአንድ ጎን የጀመረው እሳት ሦስት ሰዓት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ሕንፃውን ዞረ። በየደረሰበትም የየቤቱን መስኮት ያገኛል፤ መስኮቱ ዙሪያ ያው የፕላስቲክ ክፈፍ አለ። ከአንድ ወጥ ቤት የወጣበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ሌሎቹ ቤቶች ገባ።

ይህ ሁሉ ከውጭ ሲሆን ውስጥ ያለው ሰው የሚያውቀው የተነገረውን ነው። የተነገረውም «ባሉበት ይቆዩ» የሚል ነው።

ብዙ ሰው ይህን ምክር ሲሰማ ይናደዳል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ተናድጄ ነበር። ግን ምክሩ በራሱ እብደት አልነበረም። የቆመው በኮንክሪቱ ሣጥን ላይ ነው፤ እሳቱ ከጎረቤትህ ቤት የማይወጣ ከሆነ፣ ጭስ ወደሞላው ኮሪደር መውጣት ከመቀመጥ ይልቅ አደገኛ ነው። በግሬንፌል የነበረው ደረጃ አንድ ብቻ፣ ስፋቱም አንድ ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር ነበር። እሳት አደጋው ወደ ላይ ሲወጣበት ነዋሪው ወደ ታች ሊጎርፍበት አይችልም ተብሎ ይታሰባል። ለዚህም ነው ሕንፃው ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚቀሰቅስ ደወል ያልነበረው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል ተብሎ አልታሰበም።

ስለዚህ «ባሉበት ይቆዩ» ሕንፃው ለነዋሪው የገባለት ቃል ነበር። ልባሱን የመረጡት፣ የሸጡትና የሰቀሉት ቃሉን አፈረሱት፤ ማፍረሳቸውን ግን ለነዋሪውም ለእሳት አደጋውም የነገረ የለም። የዚያ ሌሊት መራራው ነገር ለእኔ ይህ ነው። በ999 የአደጋ ጊዜ ስልክ ማዕከል የተቀመጡት ሴቶችና ወንዶች ሕንፃውን አያዩትም፤ የሚሰሙት ድምፅ ብቻ ነው። አንዲት እናት ጭስ በበሩ ሥር እየገባ ነው ስትላቸው፣ ፎጣ አርጥበሽ በበሩ ሥር ጎስጉሺ፣ ሊያወጡሽ እየመጡ ነው ይላሉ። የሚሉት ያጠኑትን ነው፣ የሚያምኑትንም ነው። ከታች የቆሙት አዛዦች ደግሞ ኮንክሪት ሕንፃ ከውጭ ሲነድ ምን እንደሚደረግ የሠለጠኑበት ነገር አልነበረም። ምክሩ ተሽሮ «ውጡ» የተባለው 8፡47 ላይ ነው፤ እሳቱ ጣሪያ ከደረሰ ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ጡረተኛው ዳኛ ሰር ማርቲን ሙር-ቢክ በ2019 ባወጡት የመጀመሪያ ክፍል ዘገባ፣ ውሳኔው ከ7፡30 እስከ 7፡50 ባለው ጊዜ መወሰድ ነበረበት፣ ቢወሰድ ኖሮም የሟቾቹ ቁጥር ሳያንስ አይቀርም ነበር ብለዋል። እሳት አደጋውን አልማሩትም።

የዳኑት ብዙዎቹ ምክሩን አልሰማ ብለው የወጡት ናቸው። ወሩ ረመዳን ነበር፤ ለሱሁር ያልተኙ ሰዎች ጭሱን ቀድመው አይተው የጎረቤት በር አንኳኩተዋል። አቅመ ደካሞችና በተሽከርካሪ ወንበር ያሉት ግን ምንም የተዘጋጀላቸው የመውጫ ዕቅድ አልነበረም። ሕንፃው ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት 37 አካል ጉዳተኞች 15ቱ ሞቱ። ከቤት በሮቹ ደግሞ ሲለቀቁ በራሳቸው መዘጋት የነበረባቸው ብዙዎቹ አይዘጉም፤ መዝጊያ ክንዳቸው ተሰብሯል ወይም ተነቅሏል። አንድ ሰው ሸሽቶ ሲወጣ በሩ ክፍት ይቀራል፣ የቤቱም ጭስ ኮሪደሩን ይሞላል። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የታሰበውን ሊፍት ሠራተኞቹ በቁጥጥራቸው ሥር ሊያውሉት አልቻሉም። እያንዳንዱ ጥፋት ለብቻው ቢሆን ሰው ላይገድል ይችል ነበር። የመጨረሻው በሕይወት የወጣ ሰው የወጣው ከጠዋቱ 2፡07 ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ድንገት የመጣ ቢሆን ኖሮ ስለ ዕድል እናወራ ነበር። ግን አልነበረም። በ1991 በሊቨርፑል አቅራቢያ ኖውዝሊ ሃይትስ የሚባል ሕንፃ ልባሱ ተቃጠለ፤ ሰው አልሞተም፣ ነገሩም ተረሳ። በ1999 በስኮትላንድ ኧርቪን ከተማ ጋርኖክ ኮርት ተቃጠለ፤ አንድ ሰው ሞተ። ያኔ የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ፣ እርምጃ ለመውሰድ ብዙ ሰው የሚያልቅበት እሳት መጠበቅ የለበትም ሲል ጻፈ። በ2001 ለመንግሥት በተደረገ ሙከራ ፖሊኤትሊን ያለበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ በመጠነ ሰፊ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ተለኮሰ፤ በአምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነበልባሉ ከሃያ ሜትር በላይ ወጣ። ውጤቱ ለሕዝብ አልወጣም። በ2009 በደቡብ ለንደን ላካናል ሃውስ ስድስት ሰው ሞተ፤ እነሱም ባሉበት እንዲቆዩ ተነግሯቸው ነበር። የሞታቸውን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ በ2013 መንግሥት የእሳት መመሪያውን ግልጽ እንዲያደርግ ጠየቁ። ግሬንፌል እስኪቃጠል ድረስ መመሪያው አልተሻሻለም።

የኩባንያዎቹ ታሪክ ከዚህም የከፋ ነው። አርኮኒክ ሰሌዳውን የሚሸጠው በሁለት አሰቃቀል ነበር፤ አንዱ በሪቬት ተመቶ፣ ሌላው ጠርዙ ታጥፎ እንደ ትሪ ተደርጎ። እስከ 2005 ድረስ በተደረገ ሙከራ የታጠፈው ከሌላው በጣም የባሰ ነደደ። ኩባንያው ግን ውጤቱን ለእንግሊዝ ማረጋገጫ ሰጪ አካል አላሳየም፤ ግሬንፌል ላይ የተሰቀለውም የታጠፈው ነው። ሴሎቴክስ የተባለው የፎም አምራች በ2014 ምርቱን ሲያስፈትን፣ እሳት እንዳይዘልቅ የሚያደርጉ ሌሎች ሰሌዳዎችን ጨምሮ አሳለፈው፤ ሲሸጠው ግን ይህን አልተናገረም። በሴፕቴምበር 2024 የወጣው ሁለተኛው የኮሚሽኑ ዘገባ ወደ 1,700 ገጽ የሚጠጋ ሲሆን፣ በአምራቾቹ በኩል የታየውን ሥርዓት የያዘ ማጭበርበር ብሎታል። አርኮኒክ አደገኛ ዕቃ አልሸጥኩም ሲል ውንጀላውን አልተቀበለም። ኮሚሽኑ ሥራ ተቋራጩን፣ አርክቴክቶቹን፣ ልባሱን የሰቀለውን ድርጅት፣ ቤቶቹን የሚያስተዳድረውን አካልና ማዕከላዊውን መንግሥት አንድ በአንድ እያነሣ፣ ሁሉም «ሌላው አይቶታል» ብሎ እንዳለፈው አሳየ። አንድ ሕንፃ ላይ ሃያ ሰው ፈርሞ አንድም ሰው ያላየው ዕቃ ሊሰቀል እንደሚችል ከዚህ ዘገባ በላይ ያስረዳኝ ጽሑፍ የለም።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቁጥር ልጥቀስ። መጀመሪያ ታስቦ የነበረው የዚንክ ልባስ ነው። በአሉሚኒየሙ ሰሌዳ ሲተካ የተቆጠበው 293,368 ፓውንድ ነበር። ከዕድሳቱ በኋላ ሕንፃው 129 ቤት ነበረው፤ ለአንድ ቤት ሲካፈል 2,274 ፓውንድ ይደርሳል። ርካሹን የመረጠው ሁሉ ሰው ሊገድል አስቦ ነው ማለቴ አይደለም። በየአገሩ የግንባታ ስብሰባ ላይ እንዲህ ዓይነት ቅናሽ ይቀርባል፣ ይጨበጨብለታልም። ችግሩ በዚያ ስብሰባ ላይ «ይህኛውስ ቢቀጣጠል ምን ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

ከስብሰባው ውጭ የጠየቁ ነበሩ። የሕንፃው ነዋሪዎች ስለ እሳት ደኅንነት ለዓመታት ሲያመለክቱ፣ አስተዳዳሪው አካል እንደ ነገረኛ ነበር የሚያያቸው። በኖቬምበር 2016፣ ማለትም ከእሳቱ ሰባት ወር በፊት፣ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ብዙ ሰው የሚያልቅበት አደጋ ካልደረሰ በስተቀር የሚሰማን የለም ብለው ጽፈዋል። ይህን ዐረፍተ ነገር ከእሳቱ በኋላ የሚያነብ ሰው ትንቢት ይመስለዋል። ትንቢት አልነበረም፤ በየቀኑ በዚያ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ያየውን ነው የጻፈው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2018 መጨረሻ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ አዳዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ውጫዊ ግድግዳ ላይ የሚቃጠል ዕቃ መጠቀም በእንግሊዝ ታገደ። በ2022 የሕንፃ ደኅንነት አዋጅ ወጣ። ከዚያ ከፍታ በላይ የሚሠሩ አዳዲስ መኖሪያዎች ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ጀምሮ ሁለት ደረጃ እንዲኖራቸው ተወስኗል። በሺዎች የሚቆጠሩ ነባር ሕንፃዎች ተመሳሳይ ልባስ እንደለበሱ ሲታወቅ፣ ቤታቸውን በብድር የገዙ ሰዎች ሊሸጡትም ሊያድሱትም የማይችሉት ንብረት ይዘው ቀሩ፤ ሌሊት ሌሊት ኮሪደር ለኮሪደር እየዞረ እሳት የሚጠብቅ ዘበኛ ለመቅጠርም ከኪሳቸው አወጡ። ግሬንፌል ራሱ እንዲፈርስ በ2025 ተወስኗል። የፖሊስ የወንጀል ምርመራ ለዓመታት ተጓቷል፤ ክስ ይመሠረት እንደሆነ የሚወሰነው ከ2026 ማለቂያ ወዲህ እንደማይሆን አስቀድሞ ተነግሯል። አንድ ልጅ ከእሳቱ ሌሊት ጀምሮ አንደኛ ክፍል ገብቶ ስምንተኛን ሊጨርስበት የሚችል ጊዜ ማለት ነው።

እሳቱም ለንደን ላይ አልቆመም። በፌብሩዋሪ 2024 በስፔን ቫሌንሲያ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ በልባሱ በኩል ነድዶ አሥር ሰው ሞተ። በኖቬምበር 2025 በሆንግ ኮንግ ታይ ፖ፣ ዕድሳት ላይ ከነበሩት የዋንግ ፉክ ኮርት ስምንት ሕንፃዎች ሰባቱ ተያያዙ፤ ከ150 በላይ ሰው አለቀ። እዚያ ልባስ አልነበረም፤ ግን በሕንፃዎቹ ዙሪያ የቀርከሃ መወጣጫና መረብ ነበር፣ መስኮቶቹም ለዕድሳቱ በፎም ሰሌዳ ተሸፍነው ነበር። ዕቃው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። የኮንክሪቱ ሣጥን እንዳለ ቆሞ ሳለ ለውበት፣ ለሙቀት ወይም ለዕድሳት ብሎ ሰው ከውጭ የሚነድ ነገር ይደርብበታል፤ እሳቱም ደረጃውን ትቶ በውጭ በኩል ይወጣል።

ይህን የሚያነብ የአዲስ አበባ ባለሕንፃ፣ ሥራ ተቋራጭ ወይም የጋራ መኖሪያ ኮሚቴ አባል ካለ አንድ ነገር ልለምነው። ሰሌዳ ሊገዛ ሲሄድ ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ብቻ አይጠይቅ፤ መሐሉ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ። ፖሊኤትሊን ብቻ የሆነ አለ፣ ማዕድን የተቀላቀለበት አለ፣ ጭራሹን ለማለት በሚቻል ደረጃ የማይነድም አለ፤ ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው። ቀጥሎ ሰሌዳው ለብቻው ሳይሆን ከፎሙ፣ ከክፍተቱና ከመስኮቱ ጋር ተገጣጥሞ የተፈተነበትን ወረቀት ይጠይቅ። በፎቅ የምትኖሩም የቤታችሁን መግቢያ በር ለቃችሁ በራሱ መዘጋቱን እዩ፤ አሁኑኑ ሊታይ የሚችል ነገር ነው።

የአራተኛው ፎቅ ተከራይ ነገር ቀረ። ኮሚሽኑ በኦክቶበር 30 ቀን 2019 ባወጣው ዘገባ እሳቱ የተነሣው በፍሪጁ የኤሌክትሪክ ብልሽት እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ መጠነኛ የወጥ ቤት እሳትም አስቀድሞ የሚጠበቅ እንደነበር፣ ተከራዩም ምንም ጥፋት እንደሌለበት ጻፈ። ሰውየው ይህን በይፋ ተጽፎ ለማየት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ተኩል ጠብቋል።